አባቴን በድምፁ ብቻ የሚያውቀው ሰው

የመጀመሪያው ቀን

ሰው ሲጓዝ ተራራና ወንዝ ያያል። የእኔ ሥራ ድምፅ መቅዳት ስለሆነ በሄድኩበት ሁሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የፍየል ሳል፣ የበር ሲጥታና የሰው ማዛጋት ስለቃቅም እውላለሁ። ስለዚህ ፎገራን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማትሄዱ አንባቢዎች፣ ስለ አገሩ መልክ ብዙ ካልነገርኳችሁ አትቀየሙኝ። እሱን የካሜራ ባለሙያችንን ጋሽ ንጉሤን ብትጠይቁት ስለ አንዲት ጀንበር መውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ያወራላችኋል።

ከአዲስ አበባ የተነሳነው አራት ሆነን ነው፤ ዳይሬክተራችን ዳዊት፣ ጋሽ ንጉሤ፣ ሹፌራችን ተክሌና እኔ። ስለ ቀድሞ ወታደሮች ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም እየሠራን ነበር። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ገና ብዙ አልቆየም። አምስት አዛውንት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ቀርፀናል። ስድስተኛው ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ይባላሉ፤ ሰሜን ግንባር የመገናኛ ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ፣ አሁን ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ ሰው ናቸው። ዳዊት ይህን ከዝርዝሩ ላይ ሲያነብልን የያዝኩትን ሻይ ሱሪዬ ላይ ደፋሁት።

ምክንያቱን ለጓደኞቼ አልነገርኩም፤ ለእናንተ ግን ከመነሻው ልንገራችሁ። አባቴም ወታደር ነበር፣ ያውም የሬዲዮ ሰው። ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃዱን ጨርሶ ከቤት ሲወጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን የሰፈራችን ሌሎች አባቶች አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በሱዳን ዞሮ፣ አንድ አንድ እያሉ መጡ። የእኔ አባት አልመጣም። መርዶም አልመጣም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ ሌላም አላገባችም። እንዲሁ በመሃል ቀረች።

መልኩን ከፎቶው አውቀዋለሁ። ድምፁን ግን ረሳሁት። የስንቱን ሰው ድምፅ ቀድቼ፣ አጥቤ፣ ስም ለጥፌ በመደርደሪያ አስቀምጬ የአባቴን ድምፅ አለማስታወሴ ያንገበግበኛል። አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ከኋላዬ ሲያወራ፣ ይሆን እንዴ እያልኩ ከመውረጃዬ አልፋለሁ።

ለእናቴ ከላካቸው ደብዳቤዎች በአንዱ እንዲህ የሚል አለ፦ «እዚህ አንድ የፎገራ ሰው ጓደኛ አለኝ። እሱ ሌላ ተራራ ላይ ስለሆነ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ጎህ ሲቀድ በሬዲዮ እንገናኛለን። እሱ ስለ ላሞቹ ያወራኛል፣ እኔ ስለ አንቺ።» የሰውየውን ስም አልጻፈም። ከፎገራ የዘመተ የሬዲዮ ሰው አንድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የአባቴን ፎቶ ፒያሳ ወስጄ አንድ ቅጂ አሠራሁና ከባትሪዎቼ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ስንነሳ እናቴ እስከ በሩ ሸኘችኝና በሶ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። «የምሄድበት ብርድ የለም» ብላትም ጋቢዋን ጭምር ጫነችብኝ። ወዴት እንደምሄድ እንጂ ለምን እንደምሄድ አልነገርኳትም። የሽሮ ሜዳ ግቢያችን የቆርቆሮ በር ሲዘጋ እንደ አህያ ያናፋል። ጎረቤቶች ዘይት እናጠጣው ሲሉ ስንት ዓመት እምቢ ብላለች። «ተዉት፣ ሰው ሲመጣ ልስማበት» ትላለች። ያን ማናፋት እየሰማሁ መኪና ውስጥ ገባሁ።

መንገዱ ረጅም ነው። አባይ በረሃ ስንወርድ ተክሌ ፍሬን ሸተተኝ እያለ ሁለት ጊዜ አቆመ። ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን፤ ጋሽ ንጉሤ ጥብሱ ከአዲስ አበባው ይሻላል አለ፣ ዳዊት አይሻልም አለ፣ እስከ ዳንግላ ተከራከሩበት። ባሕር ዳር የደረስነው ማታ ነው። ወገቤን ይዤ ወረድኩና ያገኘሁት አልጋ ላይ ተዘረርኩ።

ሁለተኛው ቀን

ከባሕር ዳር ወረታ ቅርብ ነው፤ ለእኛ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሐሙሲት ስንደርስ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ጎሚስታው ጎማውን እየፈታ ሳለ ባለቤቱ በረንዳቸው ላይ አግዳሚ ዘርግታ አስቀመጠችን፣ ዳቦና ሻይም አመጣች። ሽሮ ሜዳ ጎማ ቢተነፍስብን ከነጃኩ ፀሐይ ላይ ነበር የምንቆመው።

«ለምንድን ነው የመጣችሁ?» አለች ሻዩን እየቀዳች።

ዳዊት ስለ ቀድሞ ወታደሮች ፊልም እንደምንሠራ ነገራት። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ወንድሜም እኮ ሂዶ ቀርቷል» አለች። «ስሙን ልንገራችሁ? ድንገት የሚያውቀው ሰው ብታገኙ።»

ዳዊት ደብተሩን ገልብጦ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን ጻፈ። ያ ገጽ ከመጀመሪያው አዛውንት ጀምሮ ሲሞላ የመጣ ነው። በየደረስንበት ስለ ወታደር ፊልም እንሠራለን ስንል አንድ ሰው ብድግ ብሎ ስም ያስመዘግባል። ዳዊት የሚያደርገው ቢጠፋውም እምቢ ማለት አይሆንለትም። ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ገጽ ላይ የአባቴን ስም ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሳልጽፈው ቆይቻለሁ። ሴትየዋ ግን አንድ ሻይ ሳትጨርስ የወንድሟን አስጻፈች። ቀናሁባት።

ወረታ ለድምፅ ሰው መቅሠፍት ናት። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያይባት ስለሆነች የጭነት መኪና ሁሉ እዚያች መገንጠያ ላይ ጥሩንባውን ሳይነፋ አያልፍም። በመሃል ባጃጆቹ እንደ ጫጩት ይንጫጫሉ። ያደርንበት ሆቴል ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤትየዋ ድምፅ ለመቅዳት እንደመጣሁ ስትሰማ አዝናልኝ «በሩን በፍራሽ እንድፈንልሽ ይሆን?» አለችኝ፤ የምሯን ነው። ምሳ ያበላችን የጣና ዓሣ በሩዝ ነው። እኛ ቤት ሩዝ የበዓል ምግብ ነው፤ ወረታ ግን ወፍጮ ቤቱ የሚፈጨው፣ ጆንያው የሚጫነው፣ እንጀራው ሳይቀር የሚደባለቅበት ሩዝ ነው።

ከሰዓት የቀረጻ ፈቃድ ደብዳቤያችንን ይዘን ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤት ሄድን። ደብዳቤውን የተቀበለን ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ ትሑት ሰው ነው። «የቀድሞ ወታደሮች» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«የትኛው ቀድሞ?» አለ።

«የመጨረሻው ቀድሞ» አለ ዳዊት።

ሰውየው እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ጫፍ መታ መታ አደረገ። እኛም መሬት መሬት አየን። በዚያ ዘመን የዚያ ሠራዊት ነገር በቢሮ ውስጥ ሲነሳ ሰው ሁሉ ትንሽ ይሳል ነበር። በኋላ ማኅተሙን አነሳና «አያ ጓንጉልን ከሆነ ቤታቸው ሄጄ ቅቤ በልቻለሁ» ብሎ አተመልን። መንገዱን ሲያሳየንም ሜዳው ገና አልደረቀም፣ መኪናችሁን እወቁበት ብሎ መከረን። ተክሌ መኪናዬን እኔ አውቃታለሁ አለ።

ሦስተኛው ቀን

ተክሌ መኪናውን አላወቃትም። ከአስፋልቱ ወርደን ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን ዋልካው ጎማችንን ዋጠው። ክረምት ሜዳው ሐይቅ ነው ይላሉ፤ ኅዳር ላይ ከላይ ደርቆ ከሥር እንደ ሊጥ ነው። ወረድን፣ ገፋን፣ ጭቃ ጠጣን። እኔ ሁለት ጫማ ይዤ ገብቼ በአንድ ወጣሁ። የሰፈሬ ጭቃ ቢያንስ ጫማ ይመልሳል።

ሩዝ ሲያጭዱ የነበሩ ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። ከኋላቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ እየነዱ ደረሱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። መኪናዋን ዞረው አዩና ሳቁ።

«የፊልም ሰዎች እናንተ ናችሁ? እኔ ነኝ ጓንጉል። እንኳን ደህና መጣችሁ። ይችን ለዛሬ ተዉዋት፣ ነገ ውርጩ ሲያጠነክረው ትወጣለች። በሉ ግቡ፣ ቤት ቅርብ ነው።»

ድምፃቸው ቀጭንና ፈጣን ነው። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እሱን ነው፤ ልቤ ትንሽ ወደቀ። የአባቴን ድምፅ የሚያውቅ ሰው እንዴት ያለ ድምፅ ሊኖረው እንደፈለግኩ እንጃ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ እግራችንን አስታጥበው እርጎ በዋንጫ፣ የሩዝ እንጀራ በዶሮ አቀረቡልን። ለእኔ የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ። «በባዶ እግርሽ ትሄጃለሽ እንዴ? እኔማ ለምጀዋለሁ» አሉኝ። ከጎረቤት የሸማኔ ዕቃ ቋ ቋ ይላል። ይህ ድምፅ የሽሮ ሜዳ ነው፤ በሸማኔ መሃል ነው ያደግኩት። ለቀረጻ ሲባል ሄጄ እንዲያቆም ለመንኩት። ሸማኔው እሺ ብሎ ተነሳና እሱም ቀረጻውን ለማየት መጥቶ ደጃፍ ተቀመጠ።

ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ለካሜራ ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። ስለ ጋራው ብርድ፣ በጆሯቸው ላይ ስለቀረው የሬዲዮ ሽውታ፣ ከሱዳን ድንበር እስከ ቤታቸው ስለተጓዙበት መንገድ አወሩ። ሲመለሱ «የደርግ ወታደር» ተብለው ሁለት ዓመት ከሰው ሳይቀላቀሉ እንደኖሩ፣ በኋላ ሩዝ ሲመጣ ዘሩን ቀድመው የዘሩት እሳቸው ስለነበሩ ሰው እንደገና እንደቀረባቸው ነገሩን። ስለ ጓደኛ ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም። ዳዊት ሲጠይቃቸው «ጓደኛማ ብዙ ነበረ» ብለው አለፉት።

ቃለ መጠይቁ አለቀ። እዚህ ላይ ስለ ሥራችን አንድ ነገር ላስረዳ። ሰው ተናግሮ ሲያበቃ የድምፅ ባለሙያ አንድ ደቂቃ ጸጥታ ይቀዳል። ማንም ሳይናገር፣ ቦታው ራሱ የሚያሰማውን ብቻ። በኋላ ፊልሙ ሲቆራረጥ ክፍተቱ የሚደፈነው በዚያ ጸጥታ ነው። ለዚህ ደቂቃ ሲባል ሳል የዋጥኩባቸውን ቀናት ብቆጥር አያልቁም።

«አሁን አንድ ደቂቃ ማንም አይናገርም» አልኩ።

ጸጥ አልን። ነፋሱ የሩዙን ነዶ ሲነካው ይሰማኛል። ሩብ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ሃምሳ አለቃ ቡጢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉና «ዝግባ፣ ዝግባ፤ ዋርካ ነኝ፤ ይሰማል?» አሉ።

ዳዊት ሳቀ። «አባባ፣ ትንሽ ዝም ይበሉልን።»

«ይቅርታ ልጀ፣ ይቅርታ» አሉ፣ አፍረው።

እንደገና ጀመርን። ግማሹ ላይ እንደገና ጠሩ። ላባቸው ፊታቸው ላይ ችፍ ብሏል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ አሉና «እናንተየ፣ ዝም በል አትበሉት እንጅ! አይችልም እኮ። ኸዘመቻ ኸመጣ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሰው ዝም ካለ ይጣራል» አሉን።

እኔ ግን ግትር ነኝ፤ ጸጥታዬን ሳልይዝ ከቦታ ተነስቼ አላውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመርን። በዚህኛው ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደቂቃው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አፋቸው ተከፈተ፣ የወጣው ግን የእሳቸው ድምፅ አልነበረም። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

«አይናዲስ! አይናዲስ! ይሰማል?»

የእናቴ ስም አይናዲስ ነው።

የማይክሮፎኑ ዘንግ ከእጄ ተንሸራቶ ጋሽ ንጉሤን ትከሻው ላይ መታው። «ምን ሆነሻል ሕይወት?» አለኝ። ጭቃው እጄን አንሸራተተኝ አልኩ። ዳዊት ለመቀለድ ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዞሮ «እርስዎን ነው እንዴ የሚጠሩት?» አላቸው።

«እኔማ ጥሩወርቅ ነኝ» አሉ። «አይናዲስ የሚላትን ስሟን እንጅ እሷን አላውቃት። መጀመሪያ ስሰማ ቀንቸ ነበር፣ ልሂድም ብየ ነበር። ኋላ ሳየው እያለቀሰ ነው የሚጠራት። እያለቀሱ የሚጠሯትን ሴት ምን እቀናባታለሁ?»

ሃምሳ አለቃ ተነስተው በሬዎቹን ውኃ ሊያጠጡ ወጡ። መኪናችን እንደተዋጠች ስለነበር እዚያው አደርን። ለወንዶቹ መደቡ ላይ አነጠፉላቸው፤ እኔን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከጎናቸው አስተኙኝ። የእናቴን ጋቢ ለበስኩ። ብርድ የለም ማለቴን አስታውሼ አፈርኩ።

አራተኛው ቀን

ጎህ ሲቀድ በር ተከፈተ። ሃምሳ አለቃ ወደ አውድማው ሲሄዱ በኮቴያቸው አወቅኳቸው። መቅጃዬንና ፎቶውን ይዤ በወይዘሮ ጥሩወርቅ ኮንጎ ጫማ ተከተልኳቸው። ጉም ሜዳውን ሸፍኖታል። ከጉሙ ውስጥ የወፍ መንጋ ይንጫጫል። ሽሮ ሜዳ በዚህ ሰዓት ታክሲው መጮህ ጀምሯል።

በነዶው ክምር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምነው ልጀ፣ እንቅልፍ ነሳንሽ?»

«ሃምሳ አለቃ፣ ትናንት የጠሩት የእናቴን ስም ነው» አልኳቸው። ሌላ አነጋገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። «የተሾመ ልጅ ነኝ። የሬዲዮው ተሾመ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የጋቢዬን ጫፍ ያዙ፣ እንዳልሄድባቸው ይመስል።

«ያች ጥርሷ የወለቀው?» አሉ። «ፊደል አልቆጥርም ብላ ያስቸገረችው? ያች ነሽ?»

ያች ነኝ። በስድስት ዓመቴ የወለቀ ጥርሴን በዚያ ጋራ ላይ የሚያውቅ ሰው ነበር ለካ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ።

ነገሩን ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው። የሁለቱ ጣቢያ በሸለቆ የተለያየ ነበር፤ የእሳቸው ዋርካ፣ የአባቴ ዝግባ ይባላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ይገናኛሉ። ደንቡ ጣቢያን በስሙ ጥሩ ነው የሚለው፤ አባቴ ግን መስመሩን ሲፈትሽ በጣቢያው ስም ፈንታ የሚስቱን ስም ይጠራል። ሁለት ጊዜም ተቀጥቶበታል።

«ያመዋል እንዴ እል ነበር መጀመሪያ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ኋላ ለመድኩና እኔም ድምፄን እንደሴት አቅጥኘ ‹አቤት!› እለዋለሁ። ይስቃል። እሱ ሲስቅ ያ ሬዲዮ ይንቀጠቀጣል። ኸዚያ ነው ሥራ የምንጀምር።»

«መጨረሻውስ?»

የነዶ ጭድ ለቀም አድርገው በጣታቸው ይሰባብሩ ጀመር።

«የመጨረሻው ቀን ትእዛዝ መጣ። ጣቢያ ልንለቅ ነው፤ ማንም ቢጠራ እንዳትመልሱ፣ ጸጥ በሉ ተባልን። ለእነ ዝግባ ደርሷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። ጎህ ሲቀድ ጠራኝ። ‹አይናዲስ! አይናዲስ! ይሰማል?› አለ። ማዳመጫው ጆሮየ ላይ ነው። እየሰማሁት ዝም አልኩ። ደገመ። ሠለሰ። መጀመሪያ እየቀለደ ነው፣ መጨረሻ ላይ ቀልድ አልነበረበትም። ኸዚያ ሬዲዮውን ሰብሬ ወረድኩ። ኸዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፣ እንዲያው አላውቅም ልጀ። ዝም ሲባል እሱን ነው የምሰማው።»

 ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጉሙ ብርሃን እንዲታያቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«አጭር ነው እንዴ?» አሉ፣ ደንግጠው።

«አጭር ነበር። እናቴ ትበልጠዋለች።»

«እኔስ ግንድ የሚያህል ሰው ነበር የሚመስለኝ! ያ ሁሉ ድምፅ ኸዚህ ነው የወጣ?» ብለው በእንባቸው መሃል ሳቁ። ቅጂው የእርስዎ ነው ስላቸው መልሼ እንዳልወስድባቸው ፈጥነው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኳቸው። ድምፁን ረስቼዋለሁ፣ እንደ ትናንቱ አንድ ጊዜ ያሰሙኝ አልኳቸው። መቅጃዬን ከፈትኩ፣ ማዳመጫዬን ደፋሁ። ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ቡጢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ በአውራ ጣታቸው የሌለ ቁልፍ ተጫኑ።

«አይናዲስ! አይናዲስ! ይሰማል?»

በማዳመጫው ውስጥ ጆሮዬ ሥር ገባ። አባቴ እንዲህ ነው የሚናገረው? አላስታወስኩትም። እውነቱን ልናገር፣ አላስታወስኩትም። ግን ፀጉሬ ቆመ።

ሃምሳ አለቃ አውራ ጣታቸውን ከቁልፉ አንስተው ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። ሰው ሲቀዳ የእኔ አፍ ይዘጋል፤ ስድስት ዓመት የሠራሁት እንዲያ ነው፤ እጄ መቅጃው ላይ ሳለ ምላሴ ከላንቃዬ አይላቀቅም። ጉሙ፣ ወፎቹ፣ የእሳቸው ትንፋሽ። ረጅም ጊዜ ነበር። በመጨረሻ ቡጢያቸውን ፈትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንችም ዝም አልሽው» አሉ።

ምን እየጠበቁ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። «ሥራዬ ነው» አልኩ። «ስቀዳ አልናገርም።»

«የኔም ሥራየ ነበር» አሉ።

እንደገና እንሞክር አልኳቸው። አይሆንም፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚወጣልኝ አሉ። ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉና «በይ፣ መኪናችሁን እናውጣ» አሉኝ።

ውርጩ እንዳሉት ዋልካውን አጠንክሮታል፤ መኪናዋ በሁለት በሬና በአሥር ሰው ወጣች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንድ ቁና ሩዝ ለእናቴ ብለው ጫኑብኝ። ኮንጎ ጫማቸውን ልመልስ ስል እምቢ አሉ። «ለአይናዲስ ንገሪያት» አሉኝ በጆሮዬ፣ «አልቀናሁባትም በያት።» ሃምሳ አለቃ ግን የመኪናውን በር በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ወደ ሩዛቸው ዞሩ።

ሐሙሲት ላይ ለጓደኞቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተክሌ የመኪናውን ሬዲዮ አጠፋ። ዳዊት ሲቆይ የጠዋቱን ቅጂ ለፊልሙ ስጪኝ አለኝ፤ ዳይሬክተር ነውና አልፈርድበትም። መጀመሪያ እናቴ ትስማው አልኩት። ከዚያ ደብተሩን ተቀበልኩትና የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ፣ ከጎሚስታው ሚስት ወንድም ሥር የአባቴን ስም ጻፍኩ። የሃምሳ አለቃ ጓንጉል ክፍል በኋላ ያለዚያ ቅጂ ተላለፈ።

አምስተኛው ቀን

አባይን በማግሥቱ ተሻግረን ሽሮ ሜዳ የደረስኩት ከሰዓት ነው። እናቴ በጓሮ ልብስ ታጥባለች። ሩዙን አየች፣ ኮንጎ ጫማውን አየች፣ «ጫማሽስ?» አለች። ፎገራ በላው አልኳት። ለጨዋታ እንጂ ለሌላ ነገር ጊዜ አልሰጠኋትም። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ከአባይ ወዲህ ሳሰላስል መጥቼ አንድም መጀመሪያ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ለብቻዬ ልስማው ብዬ ክፍላችን ገባሁና መቅጃውን ከቴፓችን ጋር አገናኘሁት። ድምፁን መቀነሴን ግን አላረጋገጥኩም። ከእኔ ሙያ የማይጠበቅ ስህተት ነው። የፎገራ ወፎች አንድ ጊዜ ቤቱን ሞሉት፤ ለመቀነስ እጄን ስዘረጋ ቀደመኝ።

«አይናዲስ! አይናዲስ! ይሰማል?»

ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ሃምሳ አለቃ ቡጢያቸውን ይዘው የጠበቁበት፣ እኔ ምላሴን የነከስኩበት ዝምታ።

«አቤት!» አለች እናቴ ከጓሮ። «አቤት፣ መጣሁ!»

ሳፋው ሲንኳኳ ሰማሁ። እርምጃዋን ሰማሁ፤ ፈጣን ነው፣ የወጣት ሴት እርምጃ ነው። እኔ ወዳለሁበት ክፍል ትመጣለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት። በመስኮቱ ሥር አለፈች። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ወደ እኔ አልዞረችም። ቀጥ ብላ ሄዳ የቆርቆሮውን በር ከፈተችው።